በመዝገቡ ሰባተኛ፦ የአቶ ኃይለኪሮስ ገብረእዝጊ የሕይወት ታሪክ

አቶ ኃይለኪሮስ ከአባታቸው ከአቶ ገብረእዝጊ ተስፋይና ከእናታቸው ከወይዘሮ ለተብርሃን ካሕሳይ፣ ከዓዲግራት ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው በ1965 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡና ግንበኛ ሆኑ።

በ1973 ዓ.ም. ወይዘሮ ሃረገወይንን አግብተው ሊባኖስንና ዮሃናን ወለዱ። በተጋቡ በዓመቱ ገርጂ ዳር፣ ያኔ ጤፍ ይታጨድበት በነበረው ሜዳ ላይ፣ ሾላው ሥር የሚባለውን ሰፈር ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ። ቤታቸው ሰባተኛው ነበረ። ኋላ ከወሎ የመጡ ቤተሰቦች ሲጨመሩ የብዙዎቹን ግድግዳ ያቆሙት እሳቸው ናቸው።

እድሩ በ1975 ዓ.ም. ሲቋቋም ጸሐፊ ሆነው ተመረጡ። ቀብር ላይ ስም የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ፤ በሕጉ መሠረት ሦስት ጊዜ የቀረ አባል ይሰረዝ ነበር። በሃያ ሦስት አባወራ የተጀመረው መዝገብ አራት መቶ አሥራ ሁለት ደረሰ።

በ2010 ዓ.ም. ሰፈሩ ለግንባታ ሲነሣ ሰዉ ገሚሱ ቦሌ ቡልቡላ፣ ገሚሱ ከላምበረት ማዶ ተበተነ። ታክሲ እየጠፋ ከቀብር የሚቀረው ሰው በዛ። አቶ ኃይለኪሮስ ግን ማንንም መሰረዝ አልሆነላቸውም፤ የቀረውን ሁሉ በዝምታ "አለ" እያሉ ይጽፉ ጀመር።

ነገሩ የታወቀው በእድሩ አባል በወይዘሮ ማሚቱ ነው። ባለንጀራቸው የእድሩ ሰብሳቢ ሐጂ ሰይድ መዝገቡን ገልጠው፣ "አንተ ኃይለኪሮስ! ማሚቱን ሆስፒታል ተኝታ ስንጠይቃት ውለን፣ አንተ መዝገብ ላይ ግን ቀብር ላይ ቆማለች። ሴትዮዋ ስንት ናት?" አሏቸው። ጉባኤው ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። "ቤቱማ ፈርሷል፤ ስሙንም ከሰረዝነው ሰፈሩ የት አለ?" አሉ።

ጉባኤው የመሰረዙን ሕግ ሻረ፤ እሳቸውም ከእንግዲህ ሐሰት ላይጽፉ ቃል ገቡ። ከዚያ ወዲህ ሰው በሞተ ቁጥር በታክሲ እየዞሩ፣ ፎቅ እየወጡ፣ በር እያንኳኩ የቀብሩን ሰዓት ይነግሩ ነበር። ጉልበታቸው ሲደክም ወይዘሮ ማሚቱ አብረዋቸው ዞሩ። ሰዉም ቀስ በቀስ ወደ እድሩ ተመለሰ።

በኩላሊት ሕመም ሁለት ዓመት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። ከባለቤታቸው፣ ከሁለት ልጆቻቸውና ከሦስት የልጅ ልጆቻቸው ሌላ፣ ዛሬ ይህን ግቢ የሞላው የሾላው ሥር ሰው ሁሉ ቤተሰባቸው ነው። ደክመው በር ሲያንኳኩ የኖሩትን አባታችንን፣ አምላክ በሩን ከፍቶ ይቀበልልን።

ከቀብሩ በኋላ ወይዘሮ ማሚቱ በእሳቸው ቦታ ስም ይጠራሉ። ሰባተኛው ላይ፣ የአባታችን ስም ጋ ሲደርሱ እንዳያልፉት ቤተሰቡ ይለምናል። አርባ ሁለት ዓመት አንድ ቀን አልቀሩም፤ ዛሬም እዚሁ ናቸውና፣ ያለ ሐሰት፣ "አለ" ተብሎ ይጻፍላቸው።