የአባትና የልጅ ስም አልገጠመም ተብላ ስለተወረሰችው መርከባችን

ለክቡር ዳኛ ሃላም ፔንድሪ፣
የተማረኩ መርከቦች ችሎት ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ለሪህ እግርዎ ምሕረትን፣ ችሎት ላይ ለማይለይዎት እንቅልፍ ደግሞ ሰላምን እመኛለሁ። እኔ የፎር ደሴት ሰው፣ የ«ኬሪን» መርከብ ሸራ ሰፊ የነበርኩ ኦከ ኬተልስ ነኝ። አምና በፊትዎ ቆሜ ፈርም ስባል መልሕቅ ብስል፣ ሆድዎን ይዘው መሳቅዎን አልረሳሁም። ዘንድሮ በብርዱ ወራት ማታ ማታ ቄሳችን ቤት ፊደል ቆጥሬ፣ ሌላው ሦስት ዓመት የሚፈጅበትን በአራት ወር ጨረስኩት። ቄሱም «ኦከ፣ አንተን ማስተማር የጀመርኩ ቀን ምነው እግሬን በሰበረው!» ብለው አድንቀውኛል። የመጀመሪያ ደብዳቤዬን ለሚስቴ ትቼ ለእርስዎ መጻፌን እንደ ክብር ይቁጠሩልኝ።

ቅሬታዎቼም በትሕትና እነሆ፦

፩ኛ. የእርስዎ ንጉሥና የፈረንሳይ ንጉሥ ሲዋጉ፣ የእኛ ንጉሥ ከማንም አልተጣላም። እኛም ከሊዝበን ጨው ጭነን፣ የገለልተኛ አገራችንን ሰንደቅ ሰቅለን ወደ ቤታችን ስንጓዝ፣ ከመንግሥትዎ ፈቃድ የተሰጠው የባሕር ወንበዴ ይዞ ወደ ወደባችሁ ጎተተን። ስለ መስተንግዶው አመሰግናለሁ፤ ብስኩቱ ውስጥ የነበሩት ትሎች ከእኛ የተሻለ በልተዋል።

፪ኛ. ወረቀታችን ላይ ባለቤቱ ናህመን ሮርደን፣ አዛዡ ደግሞ ልጁ ብራር ናህመንስ ተብሎ ተጽፏል። እርስዎ «ልጁ ከሆነ ስለምን ሮርደን አልተባለም?» ብለው ጠየቁ። ብራርም «ጌታዬ፣ ሮርድ እኮ አያቴ ነው! የወለደኝ ናህመን ቁጭ ብሎ በአያቴ የምጠራው፣ አባቴ ምን በድሎኝ?» አለዎት። ይህን የመሰለ ንጹሕ መልስ ሰምተው፣ ባለቤቱ የፈጠራ ሰው ነው፣ መርከቧም በስውር የፈረንሳይ ናት ብለው ፈረዱ። በአንድ ትንፋሽ መርከባችንን ወረሱ፣ ብራርንም ያላባት አስቀሩት።

፫ኛ. ሽማግሌው ናህመን የኬሪንን ሳንቃ አንድ በአንድ በእጁ የመረጠ ሰው ነው። ፍርዱ ሲነበብለት «ታዲያ ብራርን ማን ወለደው ነው የሚሉት?» ብሎ ጠየቀን። ከዚያ ወዲህ ባሕሩን እያየ ዳርቻው ላይ ይውላል።

፬ኛ. መርከቧን ራስዎ ገዝተው፣ በባለቤትዎ ስም «ዶሮቲ» ብለው ክርስትና ስላነሱልን ደሴቱ በሙሉ ያመሰግንዎታል። ያ ሁሉ ምርመራ ለካ ዕቃ መምረጥ ኖሯል!

ፍትሕዎን እስከ ልጅ ልጃችን የማንረሳ፣ እጅ ነሥቼ፣ ባርኔጣዬን እስከ ጉልበቴ ዝቅ አድርጌ የምሰናበትዎ፣

በገዛ እጁ የጻፈው፣
ኦከ ኬተልስ፣ የኬተል ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዋናውን ልረሳው ነበር። ማክሰኞ ጧት «ዶሮቲ» በደሴታችን ዙሪያ ባለው ደለል በኩል ስታልፍ፣ ጥልቁን ውኃ የሚያሳያት መንገድ መሪ ከእኛ ጠራች። ናህመን ገና ከሩቅ በአካሄዷ አወቃት። የእኛ ባሕር በቀን ሁለቴ ሸሽቶ እንደሚመለስ መቼም ያውቃሉ። ጀልባ ይዘን ወጣንና፣ እንዳስተማሩን፣ አስቀድመን ወረቀት መረመርን። አዛዡን «ማን ልበል?» አልኩት። «ጆርጅ ፔንድሪ» አለ። «የማን ልጅ?» «የዳኛው የሃላም ፔንድሪ ነኛ!» «አባትህ ሃላም ከሆነ ጆርጅ ሃላም ትባል ነበር፤ ወይ አንተ ወይ ወረቀቱ ዋሽቷል» አልኩት። ይህን ስናጣራ ባሕሩ ሄደ፤ መርከቧም አሸዋ ላይ ተቀመጠች። ናህመን አሁን ጎኗን እየዳበሰ ነው። ጆርጅ ደህና ነው፣ የገብስ ገንፎ ይበላል። የእርስዎ ምርመራ አራት ወር ፈጅቷል፤ እኛም አንቸኩልም። አባቱ ነኝ የሚሉ ከሆነ መጥተው ያስረዱ። መፈረም ካቃተዎት መልሕቅ ይሳሉልን።