የራሳቸው ሰው የነበሩት የወይዘሮ አመተሥላሴ ወዳጆ ዕረፍት

የዘመሮ ባና ሠሪዎች መረዳጃ ማኅበር ነባር አባሉን ወይዘሮ አመተሥላሴ ወዳጆን ጥር ፲፮ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም. በሞት ተነጥቋል። ጉሙ ከጓሳ ተራራ ወርዶ ቤቱንም አጥሩንም እንዳለበሰ፣ እንዝርታቸውን እንደያዙ ዐርፈው ተገኙ፤ ያሸለቡ እንጂ የሞቱ አይመስሉም ነበር። ማኅበሩና ጎረቤቱ ሁሉ በብርቱ አዝነናል።

ወይዘሮ አመተሥላሴ በሕፃንነታቸው ታመው ጆሯቸው ተደፈነ፤ አንደበታቸውም አብሮ ተዘጋ። አገሩ የሚያውቃቸው «ዱዳዋ» በሚል ብቻ ነበር።

በ፲፱፻፵፰ ዓ.ም. አባታቸው ሲሞቱ፣ ወንድማቸው አቶ ጫኔ የእኅታቸውን የርስት ድርሻ ወደ ራሳቸው ለመጠቅለል ከአጥቢያ ዳኛው ፊት ቀረቡ። «እሷ ቃል የላት፤ በእኔ ሥር ትቆጠር» አሉ። ወይዘሮ አመተሥላሴ ከሴቶቹ መካከል ተነሥተው ዐፈሩን ዳሰሱ፤ መዳፋቸውንም ከደረታቸው ላይ አኖሩ። ዳኛው ግራዝማች አባይነህ «ያጣችው አፍ ነው እንጂ ልብ አላጣችም። የምጠይቀው እሷን ነው፤ አንተ ተቀመጥ» ብለው በእጅ ምልክት ጠየቋቸው። እሳቸውም በእጃቸው መለሱ። ድርሻቸው ለብቻው ተከለለላቸው።

በ፲፱፻፶፪ ዓ.ም. ማኅበራችን ሲቋቋም፣ ባና ለሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ የበግ ጠጉር ፈታይ ሆነው ገቡ። ስማቸው ማን እንደሆነ ቢጠየቅ ከማኅበርተኛው መካከል የሚያውቅ ጠፋ። ያጠመቋቸው መምሬ ተክለጻድቅ ግን «አመተሥላሴ ናት እንጂ! በእኔ እጅ አይደል የተጠመቀች?» አሉ። ከዚያ ወዲህ «ዱዳዋ» ያላቸው የለም። እሳቸውስ ቀድመው ለእያንዳንዳችን በጣታቸው ስም አውጥተውልን ኖሯል፤ ወይዘሮ ገበያነሽን ቅንድባቸውን ነክተው፣ ሸማኔውን አቶ ኃይለ ኢየሱስን እሳቸው ሲስቁ እንደሚያደርጉት ትከሻቸውን ነቅንቀው ይጠሩ ነበር። የአንዱ ስም ከሌላው ጋር ተምታቶባቸው አያውቅም።

በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. አቶ ጫኔ ከቆላ ንዳድ ይዟቸው ቢመለሱ፣ ወይዘሮ አመተሥላሴ ከቤታቸው አስገብተው አስታመሟቸው። ሲሻላቸው «እኔንስ ምን ብለሽ ነው የምትጠሪኝ?» ሲሉ በእጃቸው ጠየቁ። እኅታቸው ጎንበስ ብለው፣ ሕፃን እንዳዘለ ሰው እጃቸውን ወደ ጀርባቸው አዙረው አቆላለፉ። እሳቸው በሕፃንነታቸው በታመሙባቸው ወራት አዝለው በጓሳው ሣር መካከል ያዞሯቸው የነበሩት እኚሁ ወንድማቸው ናቸው። በሙግቱ ዘመን እንኳ ይህን ስም አልለወጡባቸውም። አቶ ጫኔ ጋቢያቸውን በፊታቸው ላይ ስበው አለቀሱ።

እነሆ ዛሬ ሐዘን ለተቀመጡት ለአቶ ጫኔ ወዳጆ፣ አብረዋቸው ለፈተሉትና ለሸመኑትም ሁሉ ማኅበሩ መጽናናትን ይለምናል። በምድር ሰምተውት የማያውቁትን ስማቸውን ፈጣሪ በመንግሥቱ ጠርቶ ያሰማቸው።