የጋሽ ተስፋይ ትንሿ ኮምፒዩተር

ማክሰኞ፣ ኡራኤል

ኮምፒዩተሯ ዛሬም ቆመች። ሰው ፊት ቆመች። ሻንጣዋን የያዘች ልጅ መጥታ የአውሮፕላን ትኬቷን ፕሪንት ላድርግላት ብዬ ከፈትኩት፣ ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ልጅቷ ሰዓቷን ታያለች፣ እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ። «በረራዬ ሊያመልጠኝ ነው እኮ!» ብላ ማዶ ወዳለው ቤት ሮጠች።

ጋሽ ክፍሎም በር ላይ ቆመው ሁሉንም አዩ። የእትዬ ለተብርሃን ወንድም ናቸው፣ ይሄ የጽሕፈትና የኮፒ ሱቅ የእትዬ ነው። «ይህቺን ቆርቆሮ ለቆራሌ ስጧትና እንገላገል። ሰኞ የሞባይል ከቨር የሚሸጥ ተከራይ አመጣለሁ። እስከዛ ከዳነች ዳነች፣ ካልዳነች ቤቱን ይረከባል» አሉ።

እትዬ ኮምፒዩተሯን በእጃቸው ዳበስ አደረጓት። ኮምፒዩተሯን የገዟት ባላቸው ጋሽ ተስፋይ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መሥሪያ ቤታቸው አሮጌ ዕቃ ሲሸጥ። ትንሽዬ ናት፣ ወፍራም መጽሐፍ ነው የምትመስለው። እትዬ አቧራ እንዳይነካት ብለው በእጃቸው የሠሯትን ዳንቴል ጣል አድርገውባታል። አዲስ ግዙ ሲሏቸው «የእሱ እጅ ያረፈባትን አልጥልም» ነው መልሳቸው።

ሱቁ ከተከራየ እኔ ወደ ወጥ ቤት። ማንም አልነገረኝም ግን አውቃለሁ። እትዬ ቤት የገባሁት በሠራተኝነት ነው። ታይፕ ያስተማሩኝ ጋሽ ተስፋይ ናቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አጠገባቸው አስቀምጠው። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ልጅ፣ ይኸው ዛሬ ሰው «እህቴ፣ እስቲ ይሄን ጻፊልኝ» ይለኛል። ሽንኩርት መላጥ ነውር አይደለም። ግን መመለስ አልፈልግም፣ አልፈልግም።

አፌ አምልጦኝ «እኔ አስተካክላታለሁ» አልኩ። ጋሽ ክፍሎም ሳቁ።

ምን ነክቶኝ ነው?


ረቡዕ፣ ጊዮርጊስ

ሳምሪ ጋ ደወልኩ። አብሮ አደጌ ናት፣ መገናኛ ሕንፃ ውስጥ ላፕቶፕ ትጠግናለች። «ለምን ትጥያታለሽ! ራም ጨምሪላት፣ ሀርድ ዲስኩን አውጪና ኤስኤስዲ አድርጊላት፣ ትበራለች» አለችኝ። ራም ማለት እንደ ጠረጴዛ ነው፣ ሲሰፋ ብዙ ሥራ ይዘረጋበታል። ሀርድ ዲስኩ ደግሞ ጓዳው ነው፣ የእኔዋ ጓዳዋ ስላረጀ ዕቃ ፍለጋ ውላ ታድራለች፣ ኤስኤስዲ የሚሉት አዲሱ ፈጣን ጓዳ ነው። እሱስ ገባኝ። ጓዳማ አውቃለሁ።

እትዬ ቦርሳቸውን ከፍተው ሰጡኝ። «ጓለይ፣ ፎቶዎቹ ብቻ እንዳይጠፉብኝ» አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው፣ ሆድ ሲብሳቸው ትግርኛው ይመጣል። የጋሽ ተስፋይ ፎቶ በሙሉ እዛ ውስጥ ነው። 

ሄጄ «የዴስክቶፕ ራም» ብዬ ገዛሁ። ዴስክቶፕ አይደለችም እንዴ? ተመልሼ ከፈትኳት፣ ውስጧ አቧራው እንደ ጥጥ። ራሙን ላስገባ ብል ማስገቢያው ግማሹን አያህልም። ገፋሁት። ደግሜ ገፋሁት። ደግነቱ አልሰበርኩም።

ሳምሪ በቪዲዮ አየችኝና በሳቅ ፈረሰች። «አንቺ! ለሕፃን የአባቱን ጫማ ታደርጊለታለሽ እንዴ? እነዚህ ትንንሾቹ እኮ የላፕቶፕ ራም ነው የሚወስዱት!»

እሷ ሳቀች፣ እኔ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሻጩ ባይቀይርልኝስ?


ሐሙስ፣ ተክልዬ

ቀየረልኝ! «ሳታውቂ ለምን ትገዣለሽ» ብሎ ተቆጣ፣ ግን ቀየረልኝ። ይቆጣ! ኤስኤስዲውንም ከእሱው ገዛሁ።

ኮምፒዩተሯን በነጠላዬ ጠቅልዬ ታክሲ ውስጥ አቀፍኳት። ረዳቱ «እህት፣ ልጁ ከተኛ ጠጋ በይላቸው» ይለኛል። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ እጄ ግን አልፈታትም።

ሳምሪ ዕቃውን ጠረጴዛዋ ላይ ደረደረችና እጇን አጣጠፈች። «እኔ አልነካም። ራስሽ ሥሪው።»

«ባበላሸውስ?»

«ታበላሺዋለሽ፣ ከዛ እሰድብሻለሁ። መጀመሪያ እጅሽን ብረት አስነኪ፣ ኤሌክትሪክ ይኖርብሻል።»

አቧራውን በብሩሽ ጠረግኩ። ራሙን አጋደም አድርጌ ሰካሁና ወደ ታች ጫን ሳደርገው ቀጭ አለ። ያ ድምፅ! እንደዛ ደስ የሚል ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ከዛ የድሮውን ዲስክ ሙሉውን ወደ አዲሱ ኮፒ አደረግን። እስኪያልቅ መቀመጥ አልቻልኩም፣ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ስል የጎረቤት ሱቅ ልጅ «እህቴ፣ ሰው ታሞብሽ ነው?» አለኝ።

አለቀ። ብሎኗን አሰርኩ። ማብሪያውን ተጫንኩት። ምራቄን ሳልውጥ ተከፈተች! ድሮ እኮ ከፍቻት ዳቦ ገዝቼ እመለስ ነበር። ፎቶዎቹን አየሁ፣ ጋሽ ተስፋይ በነጭ ሸሚዝ ቆመው ይስቃሉ፣ ሁሉም አለ። እልል አልኩ፣ ፎቁ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ይየኝ!

እኔ ነኝ የሠራሁት። በእነዚህ እጆቼ።


ዓርብ

ምን ልጻፍ። 

ጠዋት ሁሉም ሰላም ነበር። ጻፍኩ፣ ስካን አደረግኩ፣ ፕሪንት አደረግኩ፣ ሰው «እንዴ፣ አለቀ?» እያለ ሄደ። እትዬ መጥተው የጋሽ ተስፋይን ፎቶዎች አዩ፣ እንባቸው መጣ፣ ኮምፒዩተሯን ሳሟት። ከዛ ከዘንቢላቸው አዲስ ዳንቴል አወጡ፣ ለቴሌቪዥን ብለው የሠሩት ትልቅ ነጭ። ከላይ እስከ ታች ጠረጴዛው ድረስ አለበሷት። «ተመልከቻት፣ ሙሽራ!» አሉ። እውነትም ሙሽራ መሰለች።

ቆይታ እጥፍ አለች። ድርግም። የሰው ሲቪ መሃል ላይ። አስነሳኋት፣ ትንሽ ሠርታ ድርግም። ደግሞ ድርግም። ጋሽ ክፍሎም በር ላይ ሆነው «ቆራሌው የት ሰፈር ደረሰ?» ይላሉ። እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ፎቶዎቹስ?» አሉኝ። «አሉ፣ አልጠፉም» አልኩ። እኔው ራሴ ግን አላመንኩትም።

ምን አበላሸሁ? ራሙን ስገፋው ይሆን? ብሎኑን አጥብቄው? እጄን ብረት በደንብ ሳላስነካ ቀርቼ?


ቅዳሜ

ተገኘ ተገኘ ተገኘ!

ቆይ ከመጀመሪያው ልጻፍ። ጠዋት ሳምሪ ጋ ወሰድኳት። ለመሞከሪያ ፊልም ከፈተችባት፣ ብትጠብቅ ብትጠብቅ ንቅንቅ የለም። «ምንም የላትም አቦ። አንቺን ነው ማከም» ብላ መለሰችኝ። ሱቅ ገባሁ፣ ሰካሁ፣ እትዬ ዳንቴሉን መልሰው አለበሷት፣ ብዙም ሳትቆይ ድርግም።

እትዬ ተነሱ። «ዓይን ነው። ትናንት ሰው አይቷት ነው» ብለው የጸበል ጠርሙሳቸውን ከቦርሳ አወጡ። በስመ አብ ብለው ሊረጩ ሲሉ «እትዬ እንዳያደርጉት!» ብዬ ዘልዬ ሸፈንኳት። ጸበሉ ጀርባዬ ላይ አረፈ። ኤሌክትሪክ ነው እንዳይዝዎት ብዬ ዳንቴሉን ገፍፌ ላነሳት ስል እጄን ለበለበኝ! እንደ ካውያ ነው የምትፋጀው። በጎኗ ያሉት ቀዳዳዎች ላይ መዳፌን አደረግኩ፣ ትኩስ አየር እፍ እፍ ትላለች፣ ድክም ያላት ነገር።

ታፍና ነው! መተንፈሻ አጥታ!

ሳምሪ ጋ ደወልኩ። ነገሩን ስነግራት «ዳንቴል? ዳንቴል ነው ያልሽኝ?» ብላ ጮኸች። ድሮም በትንሹ ዳንቴል ግማሽ ታፍና ነው የኖረችው፣ አሁን ደግሞ ጭራሽ ሙሉውን። ሲግላት እንዳትቃጠል ራሷን ታጠፋለች አለችኝ።

ግን ለእትዬ እንዴት ልንገራቸው? የባላቸውን ዕቃ ያለበሱት በፍቅር ነው። እርስዎ ነዎት የሚያፍኗት ልበላቸው? ፈራሁ። «ዳንቴሉ ጸበል ነክቶታል፣ አጥቤ ላምጣው» ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እስክንዘጋ ድረስ አንዴም አልጠፋችም። እትዬ «አየሽ? ጸበሉ ነው» አሉ። አዎ አልኩ። ጀርባዬ እንደሆነ ድኗል።


እሑድ፣ መድኃኔዓለም

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ዳንቴሉ አልታጠበም፣ ሰንበትም በዓልም ነው፣ ልብስ አይታጠብም። ነገ እትዬ ይጠይቁኛል። ነገ ተከራዩም ይመጣል። ካልተናገርኩ ያለብሷታል፣ እዛው ሰውዬው ፊት ትጠፋለች።

መድኃኔዓለም አፌን ክፈትልኝ።


ሰኞ፣ አማኑኤል

ገና በሩን ስከፍት እትዬ «ዳንቴሌስ?» አሉ። ከቦርሳዬ አወጣሁት። ጋሽ ክፍሎምም ተከራዩን ይዘው ገቡ፣ ቤቱን በዓይናቸው እየለኩ ነው። እትዬ ዳንቴሉን ዘርግተው ወደ ኮምፒዩተሯ ሲሄዱ ፊታቸው ቆምኩ።

«እትዬ፣ አያልብሷት» አልኩ። «በጎኗ ነው የምትተነፍሰው። ሲሸፍኗት ይግላታል፣ ከዛ ትጠፋለች። ዓይን አይደለም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

 እትዬ ዳንቴሉን እያዩ ቆሙ። «እኔው ነኝ በገዛ እጄ ሳፍናት የኖርኩት በይኛ?» አሉ። ላለቅስ ስል እሳቸው ቀድመው ሳቁ፣ በሳቅ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «ተስፋይ ቢሰማ! እሱንም እኮ በጋቢ ስሸፍነው “ኧረ ተይኝ አየር ልውሰድበት” ይለኝ ነበር!»

ሰው መጣ። ሌላም መጣ። የትኬት፣ የፓስፖርት ኮፒ፣ የማመልከቻ። እኔ ቀና ብዬም አላየሁ፣ ፕሪንተሩ ነው የሚጮኸው። አንድ መታወቂያ ተዘረጋልኝ፣ ቀና ስል ተከራዩ ሰልፍ ይዟል። «እስቲ እግረ መንገዴን ይህቺን መታወቂያ ኮፒ አድርጊልኝ፣ የእኔ ሰፈር ሁልጊዜ ሲስተም የለም ይሉኛል።» ተናግሮ ሳይጨርስ ኮፒውን ሰጠሁት። ጋሽ ክፍሎምን ዞር ብሎ «ይሄማ እየሠራ ነው፣ ምኑን ነው የምከራየው?» አላቸው።

ጋሽ ክፍሎም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወደ እኔ ጠጋ ብለው «የእኔም ላፕቶፕ ይንቀራፈፋል» አሉ፣ ቀስ ብለው፣ እህታቸው እንዳይሰሙ። ሰሙ። «ለቆራሌ ስጣት!» አሉ እትዬ።

ከሰዓት እትዬ በር ላይ ተቀምጠው ኪሮሻቸውን አወጡ፣ የዳንቴሉን ጎንና ጎን መተርተር ጀመሩ። «በየት በየት ነው የምትተነፍሰው? ነይ ለኪልኝ» አሉኝ። ለካሁላቸው። ማታ ስንዘጋ አለበሷት፣ ከላይዋ ላይ ብቻ፣ ጎኗ ክፍት።

አሁንም ትንሽ እፈራለሁ። በሩን ከመቆለፌ በፊት ተመልሼ መዳፌን ጎኗ ላይ አደረግኩ። ለብ ያለ አየር መጣ፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይደክማት።