ስምህን ያልተረጎምኩበት ቀን

ውድ ሁቃ፣

ይህን ደብዳቤ ማን እንደሚያነብልህ አላውቅም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የመጣልህን ወረቀት ሁሉ ያነበብኩልህ እኔ ነኝ፤ የእንስሳት ሐኪሙን ትእዛዝ፣ የአካባቢው ሹም የቺፉን ጥሪ፣ ልጅህ ገለታ ናይሮቢ ሳለ የሚልክልህን መልእክት ሳይቀር። በትርህን በሩ ላይ ታስደግፍና ያቺን የምትወላገድ ወንበር ስበህ፣ «አንተ ነጅሙ፣ ይሄ ደግሞ ምን ይለኛል?» ትለኝ ነበር። አሁን ጸሐፊው እኔ ሆንኩ፤ አንባቢህም ያው እኔው ነኝ፤ እዚሁ ማንያታ፣ ሱቄ ውስጥ፣ ከፎቶኮፒ ማሽኑ አጠገብ ተቀምጫለሁ። አንተ ባለህበት ማንበብ የሚችል ሰው ካለ ሳይቀንስ እንዲያነብልህ እለምነዋለሁ። መቀነስ ምን እንደሚያመጣ አይቻለሁና።

ከወሰዱህ ሰባት ወር ሆነ። ባለፈው አንድ ሰውዬ መጥቶ ወንበርህ ላይ ዘፍ ቢል፣ «ተነስ፣ ሰው አለው» ብዬ ጮህኩበት። ደንግጦ የኪታምቡሊሾ መታወቂያውንና ኮፒውን እንኳ ሳይወስድ ወጣ። መታወቂያው አሁንም እኔ ጋ አለ፤ ይመጣል ብዬ አስቀምጨዋለሁ። በሩን እንጨት ነገር ነካ ሲያደርገው ቀና እላለሁ፤ ማንም የለም። ከዚያ ድምፅህ ይመጣል። በጠራራ ፀሐይ፣ ማሽኑ እየተንጫጫ፣ «ጻፈችው?» ትለኛለህ። ሌላ ነገር ብትለኝ ምን ነበረበት? ሁልጊዜ ያቺኑ ነው።

ሚስ ሊንድ እናንተ ሰፈር፣ ጎልቦ፣ የመጣችበትን ቀን መቼም አትረሳውም። የኤምባሲዋ ምክትል ኃላፊ ነበረች፤ አገሯ ያስቆፈረችውን የውኃ ጉድጓድ ልታይ መጣች፤ እኔን አስተርጓሚ ብለው ወሰዱኝ። ጉድጓዱን አይታ ልትሄድ ስትል ከግመሎችህ መሃል ወጥተህ ፊቷ ቆምክ። የታጠቁ ሰዎች ታርጋ በሌለው መኪና መጥተው ገለታንና ሁለት ጓደኞቹን ከዚያው ከጉድጓዱ አፍ ከወሰዷቸው ሦስት ሳምንት ሆኖ ነበር። ሰዎቹን ማን እንደላካቸው ሁሉም ያውቃል፤ የሚናገር ግን የለም። «የዚህች ሴት መንግሥት የነሱ መንግሥት የልብ ወዳጅ ነው፣ ተው ይቅርብህ» አልኩህ በጆሮህ። «ወዳጁ ከሆነማ ይሰማዋል» አልከኝ።

«መጀመሪያ ስሜን ትጻፍ» አልክ። «ሁቃ ሶራ አዳን። እኛ ጉባኤ ላይ ሰው የማን ልጅ እንደሆነ ሳይናገር ነገሩን አይጀምርም። እንደሱ በላት።»

እኔ ምን እንዳልኳት እስከ ዛሬ አታውቅም። «ስሜ እንዳይጻፍ ይላል» ነው ያልኳት። ገባኝ ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ ደብተሯ ላይም የሆነ ነገር ጫር አደረገች። አንተ የብዕሯን ጫፍ እያየህ «ጻፈችው?» አልከኝ። «ጻፈችው» አልኩህ። በአንድ ትንፋሽ ሁለት ሰው ዋሸሁ። አንተ ደስ ብሎህ ጎርደድ ጎርደድ አልክና የገለታን ነገር መናገር ጀመርክ፤ ያንንስ አንድም ቃል ሳልቀንስ ነው የተረጎምኩት።

ክፋት አልነበረኝም ሁቃ። እኔ ይህን ድንበር የተሻገርኩት ስሜ የሚፈለጉ ሰዎች ዝርዝር ላይ ስለገባ ነው፤ ታውቃለህ። ከዚያ ወዲህ የሰው ስም ወረቀት ላይ ሲሰፍር ያ ዝርዝር ነው የሚታየኝ። ልጅህን ወስደዋል፣ አንተን አይጨምሩ ብዬ ነው። ግን ማን ጠየቀኝ? አፍህ እንድሆን እንጂ በአንተ ቦታ እንዳስብልህ አልለመንከኝም።

ከዚያ ደግሞ ፎቶው አለ። ፊትህ እንዳይታይ ብላ በትርህን የያዙትን እጆችህን ብቻ ነበር ያነሳችው። ከሳምንት በኋላ በስልኬ ላከችልኝና «ማንነቱን የሚያሳብቅ ነገር ካለ ንገረኝ» አለችኝ። ሱቁ ሰው ሞልቶ ነበር። አየሁት፤ ፊት የለም፣ ስም የለም። «ችግር የለውም» ብዬ መለስኩላት። ከጀርባህ ግን ግመልህ ቆማ ነበር። አንገቷ ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰው የቤታችሁ ምልክት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከኡራን እስከ ጎልቦ ያለ እረኛ ሁሉ ያንን ምልክት አይቶ ባለቤቷን በስሙ ይጠራል። እኔ የወረቀት ሰው፣ ግመል ሳይ ያየሁት ግመል ብቻ ነበር። ዛሬ ሱቄ በር ላይ ግመል ባለፈ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው አንገቱ ላይ ነው። ምን ያደርጋል።

ሚስ ሊንድ ዋና ከተማ ላይ ሁለቱ መንግሥታት ስምምነት ሲፈራረሙ የምስጋና ንግግር እንድታደርግ ተጋብዛ ነበር። ምስጋናውን ተወችና የጎልቦን ነገር አነሳች። «ወዳጆቻችን ሰው እየሰወሩ ነው፤ እኛም እያወቅን ዝም ብለናል» አለች፣ ባለሥልጣኖቹ ፊት። ንግግሯ ከነፎቶው ወጣ። እዚህ ሰው ሁሉ በስልኩ ተቀባበለው። ባለቤትህ ቢፍቱ ጎረቤቷ ስልክ ላይ አየችውና «ይቺማ የኛ ግመል ናት» አለች። እሷ ያወቀችውን ሌላውም አወቀ። በአሥራ አንደኛው ቀን ከከብት ገበያው መሃል ወሰዱህ።

የነሱ መንግሥት ለንግግሯ የሰጠው መልስ አጭር ነበር፦ ስም የሌለው ሰው ምስክር አይሆንም፣ እንዲህ ያለ ሰውም የለም። ወዳጅ አስቀየምሽ ብለው አለቆቿ ወደ አገሯ ጠሯት። አንተ ከተወሰድክ በኋላም የወሰዱህን ስትጠይቅ መልሳቸው ያው ነው፦ የለም። እኔ ስምህን ደበቅኩ፤ እነሱ ደግሞ አንተን ለመደበቅ ተመቻቸው።

ከሳምንት በፊት፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ደወለችልኝ። ሐሙስ ዕለት የአገሯ ምክር ቤት ፊት ቀርባ ልትናገር ነው። «ስሙን ካልሰጠሁ ፈጠራ ነው ይሉኛል። ከሰጠሁ ደግሞ ምን ያደርጉት እንደሆነ አላውቅም። እሱ ራሱ አትጻፊ ብሎኛል፤ ያለ ቤተሰቡ ፈቃድ አልናገርም» አለች። «ቤተሰቡን ጠይቄ እደውልልሻለሁ» ብዬ ዘጋሁ። ስምህ ቢነገር ያለህበት በር ሊከፈት ይችላል፤ ደግሞ ሊያጠፉህም ይችላሉ። ሁለቱም አንድ ስም ላይ ተንጠልጥለዋል። እውነቱን እዚያው ልነግራት ይገባኝ ነበር። አልቻልኩም።

በማግስቱ ቦዳቦዳ ሞተር ይዤ ጎልቦ ወረድኩ። ቢፍቱን ጉድጓዱ ጋ አገኘኋት፤ ያቺን የፎቶውን ግመል ውኃ እያጠጣች ነው። የሚስ ሊንድን ጥያቄ ነገርኳት።

«እኔን ለምን ትጠይቀኛለህ?» አለችኝ። «ሁቃ ያን ቀን ምን አለ?»

ነገርኳት፤ ስለ ስምህ አንተ ያልከውንም፣ እኔ ያልኩትንም። ትሰድበኛለች፣ ድንጋይ ታነሳብኛለች ብዬ ነበር። ባልዲውን መሬት አስቀምጣ የግመሏ አንገት ላይ እጇን ጣል አደረገች።

«ስሙ እንዳይጻፍ አለ ሲባል ፈርቶ መስሎኝ ነበር» አለች። «ልጁን በስም ጠርቶ የራሱን ስም የደበቀ። ሰባት ወር በልቤ ታዝቤዋለሁ።»

ሁቃ፣ ከሁሉ ያመመኝ ይሄ ነው። አንተ በሌለህበት ሚስትህ ዓይን ውስጥ ፈሪ አድርጌህ ኖሬአለሁ።

«አሁን ስሙን ሰምተው ቢገድሉትስ?» አልኳት።

«አላውቅም። አንተም አታውቅም። ያን ቀንም አታውቅም ነበር።» ባልዲውን አነሳች። «ሂድና እሱ ያለውን ተርጉም። የኔንም ስም ጨምርበት። ቢፍቱ ጃተኒ በላት።»

እዚያው ቆሜ ደወልኩ። ሚስ ሊንድ ስታነሳ ሌላ ምንም አላልኩም፤ አስተርጓሚ እንደሚያደርገው በአንተ ቦታ ሆኜ፣ «ሁቃ ሶራ አዳን እባላለሁ። መጀመሪያ ስሜን ጻፊ» አልኳት። «ይህን ያለው መቼ ነው?» አለችኝ። «ያን ቀን። ያስቀረሁት እኔ ነኝ» አልኳት። አልተቆጣችኝም፤ ይቅርታ አድርጌልሃለሁም አላለችኝም። ፊደል በፊደል ንገረኝ አለችኝ፤ ነገርኳት። ቢፍቱ ጃተኒንም እንደዚያው።

ሐሙስ ቢፍቱ እዚህ ሱቅ መጣች። ወንበርህ ላይ ተቀመጠች፤ ለሷ ተነሺ አላልኩም። የምክር ቤቱን ስብሰባ በስልኬ ከፈትኩላት። ሚስ ሊንድ ከስታለች። ስለ ገለታና ስለ ጓደኞቹ ተናገረች፤ ከዚያ ወረቀቷን ወደ ጎን አድርጋ በቃሏ ስምህን ጠራች። አንተን፣ አባትህን፣ አያትህን። አነጋገሯ ትንሽ ይኮላተፋል፤ ግን አንተ ነህ። ሊቀመንበሩ ይደገም አሉ፤ ደገመችው። ከጎን የተቀመጠች አንዲት ጸሐፊ ጣቶቿ ሲንቀሳቀሱ ይታያሉ።

ቢፍቱ የሴትየዋን ጣቶች እያየች «ጻፈችው?» አለችኝ።

አንተ የጠየቅከኝን እሷ እንደማታውቅ አላህ ምስክሬ ነው። ያን ቀን አንተ ምን እንደጠየቅከኝ አልነገርኳትም።

«ጻፈችው» አልኳት።

ይህን ስጽፍልህ ስምህ ከተጠራ አራተኛ ቀኑ ነው። እስካሁን የመጣ መልስ የለም። ትላንት ታርጋ የሌለው መኪና በሱቁ ፊት ቀስ ብሎ አለፈ፤ ሲመለስም አየሁት። እፈራለሁ፤ ላንተም ለራሴም። ቢሆንም በሩን ከፍቼ ነው የምቀመጠው፤ ምናልባት እንጨት ነካ ያደርገው እንደሆነ።

ወንበሯን ላስጠግናት አስቤ ተውኩት፤ እንደለመድካት ትወላገዳለች። ስትመጣ ቁጭ በልባትና ያንኑ ጠይቀኝ። አሁን የምመልስልህ እውነቱን ነው።

ያላልከውን ቃል በአፍህ የተናገረው ጓደኛህ፣
ነጅመዲን