አሮጌውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ስላስደመሰሱልን

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 9 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ኃይለጊዮርጊስ፣ የፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ እንደምን ከርሟል? በዚህ ሙቀት የኮምፒውተሩ ክፍል ቅዝቃዜ እንደተስማማዎ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ስብሰባው ሁሉ እዚያ መካሄድ ከጀመረ ወዲህ ማሽኑ እንጂ ጓዶች ሲያልባቸው አልታየም። እኔ የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው ሞሐሙድ ሊበን፣ ማንኛውም ሠራተኛ በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ሂስ እንዲያቀርብ በጋበዙት መሠረት የሚከተለውን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። አሮጌው ፕሮግራም መለወጥ እንዳለበት ከማንም በፊት በጽሑፍ ያመለከተችው የኮምፒውተር ሠራተኛችን ዓናብ ናት፤ አንድ ዕቃ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ እስኪነግረን ድረስ በእርግጥም ይንቀራፈፍ ነበር። የለመነችው አዲሱ በደንብ እስኪፈተን ሁለቱ ለሦስት ወር ጎን ለጎን እንዲሠሩ ብቻ ነበር። እርስዎ ግን «አብዮት ወደ ኋላ አይመለከትም» ብለው፣ ለአብዮት በዓሉ ሪፖርት እንዲደርስ አሮጌው በአንድ ቀን ከማሽኑ እንዲደመሰስ ሐሳብ አቀረቡ፤ ስብሰባውም ከእሷ በቀር በሙሉ ድምፅ አጸደቀልዎ። እጃቸውን ካወጡት መካከል ኮምፒውተሩ በየት በኩል እንደሚበራ የሚያውቅ አንድም አልነበረም።

ሁለተኛ፤ የዕቃዎቻችን ቁጥር ሰባት አኃዝ ሲሆን አዲሱ ፕሮግራም የሚያነበው አምስት ብቻ ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቆርጦ ስለጣላቸው የቦይለሩ ቫልቭና የመጥረጊያ እጀታ አንድ ቁጥር ወጣላቸው። ሁሉን እኩል ለማድረግ እንደተነሳን ባውቅም እስከዚህ ድረስ እንሄዳለን ብዬ አልጠበቅሁም።

ሦስተኛው ይረዝማል፤ ይታገሱኝ። ጥቅምት 20 ቀን ጠዋት የቦይለሩ ማስተንፈሻ ቫልቭ ተበላሸ። አዲሱ ፕሮግራም መለዋወጫው መደርደሪያ አሥራ አራት ላይ እንደሚገኝ ነገረን፤ ሄድን፤ የመጥረጊያ እጀታ አገኘን። ቦይለሩ ይጥፋ ብለን ብናስጠይቅዎ የወሩ ኮታ እንዳይጎድል ሥራው እንዲቀጥል አዘዙ፤ ስለዚህ የቦይለር ሠራተኛው ዋሪስ እንፋሎቱን በእጁ እየከፈተ ሲያስወጣ አረፈደ። በበሩ ሳልፍ አይቶኝ «አቦ ሞሐሙድ፣ ፍጠን! ይሄ ነገር ሊፈነዳ ነው» አለኝ። ከዘጠኝ ሺህ ዕቃ መካከል ተንበርክኬ ስፈልግ ጩኸቱን ሰማሁ። እንፋሎቱ ቀኝ እጁን ከጣቶቹ እስከ ክርኑ ገሽልጦት ነበር።

ጓደኞቹ እጃቸውን በጆንያ ጠቅልለው ቦታውን ሲይዙ፣ ዓናብ ከመሳቢያዋ አንድ ዲስክ አወጣች። የአሮጌውን ፕሮግራም ቅጂ ሳይፈቀድላት አስቀምጣው ኖሯል። «በኋላ ይቅጡኝ፤ መጀመሪያ ቫልቩ ይገኝ» አለች። ያ ቀርፋፋ ፕሮግራም በስድስት ደቂቃ መደርደሪያ ሦስት ብሎ ነገረን፤ ቫልቩም እዚያው ነበር፤ ተገጠመ፤ እኛም በሕይወት ተረፍን። እርስዎም ውለታዋን አልረሱም፤ በማግሥቱ «ያልተፈቀደ ፕሮግራም በመደበቅ አሻጥር ፈጽመሻል» የሚል ደብዳቤ ሰጥተው ወደ ጥጥ ማበጠሪያ ክፍል አዛወሯት፤ ዲስኩንም ካዝናዎ ውስጥ ቆለፉበት። ለበላይ አካል የላኩት ሪፖርት ደግሞ አዲሱ ፕሮግራም «ያለ አንዳች እንከን» እየሠራ መሆኑን ይገልጻል። አጻጻፉ ያማረ ነው።

ሂስ ያለ ግለ ሂስ አይሆንምና የራሴንም ልናገር። ዓናብ በዚያ ስብሰባ ስትለምን አጠገቧ ተቀምጬ ነበር፤ እውነቷን መሆኑን እያወቅሁ እጄን ከእናንተ ጋር አወጣሁ። ዛሬ በማበጠሪያው በኩል ሳልፍ ጥጥ ከፀጉሯ ላይ እያራገፈች ሰላም ትለኛለች፤ ቀና ብዬ አላያትም።

የምጠይቀው ጥቂት ነው። ዓናብ ወደ ሥራዋ ትመለስ፤ አዲሱ ፕሮግራም በእሷ እጅ ይስተካከል፤ እስከዚያ ድረስ አሮጌው ይሥራልን።

ቸኩለው ስለወሰኑልን ነገር ሁሉ ቀስ ብለው የሚያስቡበት ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ በአክብሮት እሰናበታለሁ።

ሞሐሙድ ሊበን

ማሳሰቢያ፦ ዋሪስም አብሮኝ ሊፈርም ፈልጎ ነበር። እጁ ገና እስክሪብቶ አይጨብጥም፤ በጣቱ እንዳያትምም አውራ ጣቱ አሻራ የለውም። ከስሜ በታች ያለውን ባዶ ቦታ ድምፀ ተዓቅቦ ብለው እንዳይመዘግቡት በትሕትና እለምናለሁ።