የኋላው ፍሬን

ሆሳዕና፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሲላስ
ደቡብ አፍሪካ

ወንድሜ ሆይ፣ ሰላምህ ይብዛ። ጤናህ እንዴት ነው? ሱቁስ? እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብርዱን አልወደደውም እንጂ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን አትቀርም። ልጆቼም ደህና ናቸው። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። ስለ ባሌ ስለ ፍሬው ስጀምርልህ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ ስለ መኪናህ ስናወራ ግን አንድም ቀን ተቆርጦ አያውቅም። ስለዚህ ወደዚያ ለሚመለሰው ለኢብራሂም በእጁ እሰጠዋለሁ።

ደስ እንዲልህ ከመኪናው ልጀምር። ከመርካቶ ያስላክኸው የኋላ ፍሬን ተገጥሟል። «ጋራዥ ሄደሽ ቁጭ በይ፣ ዕቃዬን እንዳይቀይሩብኝ፤ አሮጌውንም ሰብስቢ» ብለኸኝ አልነበር? ቁጭ አልኩልህ። በባዶ ጄሪካን ላይ ተቀምጬ ከጠዋት እስከ ማታ የረሺድን እጅ ስጠብቅ ከረምኩ። መካኒኩ ረሺድ ጨዋ ሰው ነው፤ «እህቴ፣ እንዳንቺ ያለ ዘበኛ ባንክም የለው» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

አዲሱ ፍሬን ከሌላ ዓይነት መኪና የመጣ ስለሆነ ድሮ የፍሬን ዘይት የሚያመላልሱት ቀጫጭን ቱቦዎች አልደርስ አሉት። ረሺድ አዲስ ቱቦ በልኩ እየቆረጠ፣ እንዳይሰበርበት ቀስ እያለ በእጁ እያጠፈ ከሻንሲው ጋር አሰረው። ብረት ከነካ እየተፋተገ አንድ ቀን ይበሳል ብሎ አንዱን ቱቦ ሦስቴ ፈቶ ሦስቴ መለሰው። አሮጌዎቹን ወደ እኔ ይጥልልኛል፣ እኔም እንዳዘዝከኝ እሰበስባለሁ። ከመካከላቸው አንዱ ጫፉ ታጥፎ በድንጋይ ተቀጥቅጧል።

«ይሄ ምንድነው?» አልኩት።

ተቀብሎ አገላበጠው። «ይሄማ ተደፍኗል። ከኋላ ዘይት ሲያፈስ፣ ዕቃ እስኪመጣ እንዲህ ደፍነው በፊቱ ፍሬን ብቻ የሚነዱ አሉ። ባዶውን ሜዳ ለሜዳ ያስኬዳል። ተጭኖ ቁልቁለት ከወረደ ግን...» አለና ፊቱን ወደ መኪናው መለሰ። የማን ሚስት እንደሆንኩ ትዝ ብሎት ነው።

ባሌ በዚህ መኪና ከሀቢቾ ስንዴ ጭኖ ሲመለስ ነው ቁልቁለቱ ላይ አበራሽ የምትባል፣ ከገበያ ወደ ልጆቿ የምትመለስ ሴት የገጨው። እዚያው ሞተች። እሱም «ፈጥኜ ነው» ብሎ አምኖ ፈረመ፣ ከዚያ በኋላ ከመኪናው ስር ገብቶ ያየ የለም። አንተም ከዚያ ሆነህ ዘመድ በስልክ ሰበሰብክና «የሾፌር ልብ ሲያብጥ እንዲህ ነው፤ እህቴ ከነፍሰ ገዳይ ጋር አትኖርም» አልክ። እማዬ ከዚያን ቀን ጀምሮ የፍሬውን ስም ከጸሎቷ አወጣችው። የአንተን ግን ቀን በቀን ትጠራለች።

በማግስቱ ፍሬው ወዳለበት ማረሚያ ቤት ሄድኩ። ብረት አይገባምና ጣቴን እንደ ቱቦው ጫፍ አጥፌ አሳየሁት። አንገቱን ደፋ።

«ማን ደፈነው?» አልኩት።

«እኔ ነኝ። እዚያው ሀቢቾ፣ ድንጋይ ላይ አስደግፌ።»

«ማን አዘዘህ?»

«ሲላስ ደወለ። ዘይት እያፈሰሰ ነው፣ አልጭንም አልኩት። ‹ነጋዴው ይቀየመኛል፣ ዛሬን ብቻ ደፍነህ አምጣው፣ ዕቃውን እልካለሁ› አለ። እኔም እሺ አልኩ። መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ ሊዱ።»

«ታዲያ ፍርድ ቤት ለምን አልተናገርክም?»

«የልጆቹን ትምህርት ቤት የሚከፍለው ማነው? እናትሽንስ? ደግሞም ወንድምሽ ነው። ሁለታችንንም ከምታጪ አንዳችንን እጪ ብዬ ነው» አለኝ።

ፍሬው ይህን ሁሉ ሆድ ይፍጀው ብሎ ተቀምጦ ነበር፣ ሲላስ። አንተ ነፍሰ ገዳይ ስትለው እየሰማ።

ወደ ጋራዥ የተመለስኩት ሥራው ሲያልቅ ነው። ከቱቦው አየር ለማስወጣት አንድ ሰው ፔዳሉን መርገጥ ነበረበትና እኔ ጋቢና ወጣሁ። ረሺድ ከስር ሆኖ «ርገጪ! ያዢ! ልቀቂ!» ይለኛል። መጀመሪያ ስረግጠው ምንም አልያዘም፣ እግሬ እስከ ወለሉ ወረደ። ፍሬው በዚህ ወንበር ተቀምጦ፣ ያቺን ሴት ፊት ለፊቱ እያየ፣ እንዲህ ሲረግጥ ታየኝና እንባዬ መጣ። «እህቴ፣ ያዢው እንጂ!» ይላል ረሺድ። ያዝኩት። እየቆየ ጠነከረ። አሁን መኪናህ ገና ሲነኩት ቀጥ ይላል።

ተናድጄብሃለሁ። ከመናደዴም በላይ አፍሬብሃለሁ። እማዬ ገበያ ስትውል በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩህ እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ሲላስ ይህን አያደርግም ብዬ እሟገትልህ ነበር። አንድ ቀን ደውለህ «ፍሬው ብቻውን አይደለም ያጠፋው» ብትል ምን ነበረበት? ይህን ጥያቄ ማን ይመልስልኛል?

አሁን የሆነውን ልንገርህ። ልጆቹን ከምትከፍልበት ትምህርት ቤት አውጥቼ መንግሥት ትምህርት ቤት አስገባኋቸው። ትልቋ አለቀሰች፣ ከዚያ ለመደችው። ለፍሬውም ነገርኩት፤ ዝም የሚልበት አንዱ ምክንያት አለቀ። የተደፈነው ቱቦ ረሺድ ዘንድ ነው፤ ያየውን እመሰክራለሁ ብሏል። የመኪናው ቁልፍ እኔ ጋ ነው፣ ነገሩ እስኪለይ ማንም አይጭንበትም። ጠበቃም አነጋግሬአለሁ። ፍሬው ከጥፋቱ ነፃ ይውጣ አላልኩም፣ እሱም አይልም። የአንተን ድርሻ ግን አይሸከምልህም።

ልጆቼን አዛወርኩ፤ እማዬን ግን የት ላዛውራት? ገና አልነገርኳትም። ለሁሉም ጉዳይ በአንተ ስም ነው የምትምለው። ነገሩ አደባባይ ሳይወጣ ራስህ ደውለህ ንገራት። ከእኔ ከምትሰማው ከአፍህ ትስማው። ይህን የምለምንህ እህትህ ስለሆንኩ ነው፣ ከዚህ በኋላ የምለምንህ የለኝም።

አሁን ስጽፍ እማዬ አየችኝና «ለሲላስ ነው?» ብላ አጠገቤ ተቀመጠች። አዎ ስላት ምርቃት አስጻፈችኝ። በሀዲይኛ ነው ያለችው፣ እኔ በአማርኛ አደረግኩት እንጂ ቃሏን አልቀነስኩም፦ «ልጄ፣ ጌታ ዕድሜህን ያርዝመው። በሌላ ሰው ኃጢአት አንተ አትዘን። የአንተ እጅ ንጹሕ ነው።»

የፍሬው ሚስት፣
እህትህ ሊዲያ