የቀለበቴን ጆሮ ለቆረጡት ለጓድ ጌታሁን

ኮቦ፣ መጋቢት 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ጌታሁን፣ ከከተማችን በታች ላለው የመስኖ ጣቢያ የበላይ ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉሮሮዎና ሁለቱም ጆሮዎችዎ በየቦታቸው ደህና ናቸውን? እኔ ታናሽ አገልጋይዎ ጎሚስታው ውዱ፣ ከሱቄ በር ማዶ ጠመንጃ ታቅፎ ከተቀመጠው ሰው በስተቀር፣ እጅግ ደህና ነኝ።

በቅድሚያ ምስጋና። አምና በዚህ ወቅት በአውራ ጣቴ ነበር የምፈርመው። እርስዎ የማታውን የመሠረተ ትምህርት ሲከፍቱ ጠረጴዛ እየደበደቡ «ማንበብ የሚችል ሕዝብ አይታለልም!» ብለው ስለ ፎከሩ፣ እኔም ተምሬ ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ (ሁለተኛ የወጣው ይከራከራል፤ አይስሙት)። ይኸው የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ለእርስዎ ሆነ። አንዱን ቅጂ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ አዲስ አንባቢዎች መለማመጃ አጥተው ነበር። አቤቱታ በቁጥር ይጻፋል ተብለን ስለ ተማርን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ፤ የፓምፑ መለዋወጫ ጠፍቶ ማሽላው በቁሙ ሲደርቅ፣ በሁለት ቧንቧ አፍ መካከል ገብቶ ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት፣ መካኒኮች ጓርኒሲዮን የሚሉትን፣ እንድሠራ ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት። ምርጫዎ ትክክል ነበር፤ ከጎብዬ እስከ ዋጃ በጎማ ነገር የሚበልጠኝ ካለ መጥቶ ይፈንክተኝ። የበርሜል ላሜራ ክብ አድርጌ ቆረጥሁ፣ ጎማው እንዲነክሰው በምስማር በሳሳሁት፣ ከላይም ከታችም ጎማ አልብሼ በብረት መንጋጋው በሞርሳ ጠፍሬ በከሰል ፍም አጋባኋቸው። ላሜራው አጥንት፣ ጎማው ሥጋ ሆነ። ከዚያ በዙሪያው አራት ጆሮ አወጣሁለትና በየጆሮው ጫፍ ግማሽ ጨረቃ ጎረድሁ። ጆሮዎቹ የቧንቧውን አፎች የሚያጣብቁትን ብሎኖች ሲያቅፉ ቀለበቱ ራሱን በራሱ መሐል ላይ ያስቀምጣል፤ ዓይኑን የታሰረ ሰው ቢገጥመው እንኳ ንቅንቅ አይልም።

2ኛ፤ ሊመርቁ መጥተው ጆሮዎቹን ሲያዩ ግን ፊትዎ ጠቆረ። ግማሽ ጨረቃው አባቴ የላሞቹን ጆሮ ከሚጎርድበት ምልክት ጋር አንድ ነበርና «የመንግሥትን ፓምፕ የዘርህ ላም አደረግኸው? የአድሃሪ ምልክት!» ብለው ሰው በተሰበሰበበት በጥፊ አጮሉኝ። ለጥፊው ባለ ዕዳ ነኝ፤ የቀኝ ጆሮዬ ዛሬም ድረስ ንግግርዎን ያስተጋባልኛል። ቅርፁን የወሰድሁት በእውነትም ከአባቴ ላም ነው። ታዲያ ከብት ነድቼ ያደግሁ ሰው ከማን ልውሰደው? «ጓድ፣ ጌጥ አይደለም፣ መያዣ ነው» ብዬ ብለምንዎ «አንተን ብሎ መሐንዲስ! ሂድ ጎማህን ንፋ!» አሉኝ። የላሜራ መቀስ አስመጥተው አራቱንም ጆሮ በገዛ እጅዎ ቆርጠው አቧራ ላይ ጣሉ። ካድሬ በእጁ ሲሠራ ያን ቀን ብቻ አየሁ።

3ኛ፤ የፓምፑ ሠራተኛ እሸቴ ጆሮ አልባውን ቀለበት በግምት ገጠመው፤ እርስዎ ከኋላው ቆመው እያጣደፉት እምቢ ማለት አልቻለም። ሞተሩ ሲነሳ ቀለበቱ ወደ አንድ ጎን ሸሸ፣ የውሃው ግፊት ጎማውን ቀደደው፣ ላሜራው እንደ ማጭድ ተወርውሮ የእሸቴን ጉሮሮ አረደው። ሰው እንደ በሬ ሲታረድ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ስላሳዩኝ እግዜር ይስጥልኝ። ውሃው ሥራውን አልተወም፤ ደሙን ተቀብሎ በቦዩ እስከ ማሽላው አደረሰው። እርስዎም ጫማዎ እንዳይበላሽ ፈቀቅ አሉ።

4ኛ፤ በቀብሩ ላይ «እሸቴን የገደለው የጎሚስታው አሻጥር ነው» ብለው ተናገሩ። በዓይናቸው ያዩት የጣቢያው ሠራተኞች መሬት መሬት አዩ። አፈሩ ሳይደርቅ የእሸቴ ወንድም አራጌ ደመኛዬ ሆኖ ከሱቄ ፊት ለፊት ተቀመጠ። «ውዱ፣ የያዝኸውን ጎማ ጨርስ፤ የሰው ሥራ በእጅህ እያለ አልገድልህም» አለኝ። ወግ አዋቂ ሰው ነው! እኔም ከዚያ ወዲህ አንዱን የፊያት ጎማ እለጥፋለሁ፣ መልሼ እፈታለሁ። ሚስቴ የሻረግ «እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሠራተኛ መሆንህን ሳላውቅ ኖርኩ» ብላ እየሳቀች ታለቅሳለች። የጎማው ባለቤት ሾፌሩ ግን ትዕግሥቱ አልቋል፤ ተለጠፈም አልተለጠፈም ቅዳሜ ጎማውን ይዞ ይሄዳል። እኔም ቅዳሜ እሞታለሁ ማለት ነው።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ደመኞችን አስታርቀው ደም የሚያደርቁት የዘወልድ ሽማግሌዎች ዓርብ ዋርካው ሥር ይቀመጣሉ። እዚያ መጥተው «ጆሮውን የቆረጥሁት እኔ ነኝ» ይበሉ። ሽማግሌ ባለበት ማንም አይነካዎትም። ሥርዓቱን ኋላ ቀር እንደሚሉት አውቃለሁና ሣሩ ላይ እንዳይቀመጡ ወንበር እናመጣለን። ስለዚህ ደብዳቤ ቢያሳስሩኝም ውለታዎ አይረሳኝም፤ ወህኒ ቤት አራጌ አይገባም።

በጥፊዎ የከበርሁ፣ ከጎብዬ እስከ ዋጃ አቻ የሌለኝ፣ እስከ ቅዳሜ በሕይወት ያለሁ አገልጋይዎ፣
ጎሚስታ ውዱ አባይ

አባሪ፦ ከአቧራ የተለቀሙ አራት የጎማ ጆሮዎች።
ግልባጭ፦ ለሟች ወንድም ለአራጌ።

የቀረ ነገር፦ በማታው ትምህርት ሁለተኛ የወጣው ይኸው አራጌ ነው። ዛሬ ጠዋት ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ ፊደሉን በጣቱ እየተከተለ፣ ሕዝብ እየሰማው ቅጂውን ጮክ ብሎ አነበበው፤ «በገዛ እጅዎ» የሚለው ጋ ሲደርስ ደገመው። ከዚያ ወደ ሱቄ መጥቶ አባሪዎቹን ኪሱ ከተተና «የሰውየውን ጎማ ስጠው» ብሎኝ ከሱቄ በር ሄደ። አሁን ጠመንጃውን ይዞ ከግቢዎ በር ፊት፣ ከግራሩ ጥላ ሥር ተቀምጧል፤ ጆሮዎቹን በእጁ ያስረክብዎታል። እንደ ወጉም በእጅዎ የያዙት ሥራ ካለ እስኪጨርሱ ሊጠብቅ ፈልጎ ጠይቆኝ ነበር። መዋሸት ነውር ነውና ጓድ ምንም ሥራ አልያዙም ብዬዋለሁ።